ሰው ፊት እየሳቅሁ መዘመሬ ግብዝነት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው እዚሁ ጎንደር ነው። ትዳርና ልጆች አሉኝ፤ ሥራዬን በአግባቡ እሠራለሁ፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም እዘምራለሁ። ሰው ሁሉ «አንቺማ ምን ጎደለሽ» ይለኛል። ነገር ግን ከዓመት በላይ ሆነኝ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እባንንና እንቅልፍ አይመለስልኝም፤ እህል አይጥመኝም፤ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጥሁ እቀራለሁ። የልጆቼን ኮቴ ስሰማ ብድግ ብዬ እስቃለሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሳስቀድስ፣ ጣሪያው ላይ የተሣሉት መላእክት ብቻ የሚያውቁብኝ ይመስለኛል። አንዳንዴ «ተኝቼ በቀረሁ» እላለሁ። ንስሐ ገብቼ፣ የታዘዝሁትን ስግደት ብፈጽምም አልለቀቀኝም። እምነቴ ጎድሎ ይሆን? እየሳቅሁ መዘመሬስ ግብዝነት አይሆንብኝምን? ሐኪም ዘንድ መሄድ ጸበልን መናቅ ነው የሚሉኝም አሉ።

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ከጥያቄዎችሽ ሁሉ ይበልጥ የሚያሠቃይሽ የግብዝነቱ ነገር እንደሆነ ከአጻጻፍሽ ስለተረዳሁ ከእርሱ እጀምራለሁ። ግብዝ የሚባለው ሰው እንዲያመሰግነው ብሎ የሌለውን እንዳለው አድርጎ የሚያሳይ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የወቀሳቸው ጾመኞች ፊታቸውን ያጠወልጉ የነበረው ለመታየት ነበር፤ ደቀ መዛሙርቱን ግን «ራስህን ተቀባ፣ ፊትህንም ታጠብ» ብሎ አስተማራቸው። አንቺ ፊትሽን የምታፈኪው ልጆችሽ እንዳይደነግጡብሽ ነው። «ጥርስ ባዳ ነው» የሚለው ያገራችን ሰው፣ ሆድ እያለቀሰ ጥርስ ሊስቅ እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው። ስሜትሽ ባይከተለውም የምታቀርቢው ምስጋና እውነተኛ ምስጋና ነው፤ «ነፍሴ ሆይ፣ ለምን ታዝኛለሽ» የሚለው ቃል ራሱ ከመዝሙረ ዳዊት የምናገኘው፣ በማኅሌትና በጸሎት የምናደርሰው አይደለምን?

የሚያሳስበኝ መሳቅሽ ሳይሆን የሚያውቅልሽ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። እኛ ዘንድ ገበናን መሸፈን ጨዋነት ነውና «ሆድ ይፍጀው» እየተባለ ብዙ ነገር ይታፈናል። ሕመም ግን ገበና አይደለም። የሳሙኤል እናት ሐና በቤተ መቅደስ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ድምፅዋ ሳይሰማ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ገሠጻት፤ እርስዋም «እኔስ ልብዋ ያዘነባት ሴት ነኝ» ብላ ነገረችው። ከዚያ በኋላ ነው ዔሊ የባረካት። ካህኑም ቢሆን ካልተነገረው በስተቀር በውጭ ካየው ተነሥቶ ሊሳሳት ይችላል።

እኔም በዚህ ስሕተት ወድቄ አውቃለሁ። በጽዋ ማኅበራችን ከሁሉ ቀድሞ ተነሥቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ጠላ የሚቀዳ አንድ ወንድም ነበረ፤ ወጣቶቹን ሁልጊዜ «እንደ እርሱ ሁኑ» እላቸው ነበር። አንድ ቀን እንግዶች ከተሸኙ በኋላ በጓሮ በኩል ብርጭቆ ሲያጥብ ሳገኘው፣ እጁን ከውኃው ሳያወጣ፣ ለወራት እንቅልፍ እንዳልነበረው፣ እኔም ባመሰገንሁት ቁጥር መናገሩ ይበልጥ እንደሚከብደው ነገረኝ። ምስጋናዬ አፉን ዘግቶበት ኖሮአል! «ምን ጎደለሽ» የሚሉሽም ሳያውቁ የሚያደርጉብሽ ይህንኑ ነው።

እምነትሽ ስለ መጉደሉ ለጠየቅሽኝ፣ ነቢዩ ኤልያስን አስቢ። በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ የለመነው፣ በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ካወረደ በኋላ ነው። እግዚአብሔርም ስለዚህ ልመናው አልገሠጸውም። ተኛ፤ መልአክ ቀስቅሶ የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ዳግመኛ ተኛ፤ ዳግመኛም መገበው። ከተግሣጽና ከትእዛዝ በፊት የደከመው ሥጋ እንቅልፍና ምግብ አገኘ።

አንቺ የጻፍሽልኝ የእንቅልፍ መጥፋት፣ እህል አለመጣምና የልብ መክበድ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሲሆን ሐኪሞች ድባቴ በሚሉት ሕመም ይጠረጥሩታል፤ አንቺ ደግሞ ከዓመት በላይ ሆኖሻል። የዚህ ሕመም አስቸጋሪ ጠባይ ራሱ የበደለኛነትን ስሜት መውለዱ ነው፤ በሽተኛው ሕመሙን ኃጢአት አድርጎ ይናዘዘዋል። ንስሐ ኃጢአትን ያስወግዳል፤ ሕመም ግን ኃጢአት ስላልሆነ በስግደት ብዛት አይነሣም። ለንስሐ አባትሽ «ሰነፍሁ፣ ጸሎት ታከትሁ» ብለሽ ነግረሻቸው ከሆነ በሰሙት ልክ ነው ያዘዙልሽ። አሁን ደግሞ ለእኔ የጻፍሽውን እንዳለ፣ ሌሊት 9 ሰዓት መባነንሽንም ጨምረሽ ንገሪያቸው።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ጸበልን መናቅ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብረው፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይለናል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። በከተማችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ሐኪሙ ምክር ብቻ ሊሰጥሽ ይችላል፤ መድኃኒት ካዘዘልሽ ደግሞ ለውጡ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳልና «አልሠራልኝም» ብለሽ አትተዪው፤ ሲሻልሽም ሳታማክሪ አታቋርጪው። ጸበሉን ጠጪ፣ ተጠመቂ፤ ነገር ግን ክኒኑን ጣዪ የሚልሽን ማንንም አትስሚ፤ በዚህ ምክር ሕመማቸው የጠናባቸውን ምእመናን አውቃለሁ። ፍትሐ ነገሥት በሽተኛን ከጾም ግዴታ ስለሚያሳርፍ፣ ክኒኑ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋግራችሁ ሰዓቱን አስተካክሉ።

«ተኝቼ በቀረሁ» ያልሽው ቃል ግን ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም። ለባለቤትሽ ዛሬውኑ ንገሪው። ምኞቱ ራስሽን ወደ መጉዳት አሳብ ካለፈ፣ ሌሊትም ቢሆን ብቻሽን አትደሪ፤ ከሰው ጋር ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ለባለቤትሽ ነገሩን እንዴት እንደምትጀምሪለት ከጠፋሽ ይህን ጽሑፍ አስነብቢው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ነጠላሽን ሳታወልቂ በምትቀመጪበት በዚያው አልጋ ጫፍ ላይ አጠገብሽ ይቀመጥ።