ብሎን የተተከለበት ጎማ ለዋልካ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የግብርና ባለሙያ ነኝ። ከቢቸና ተነስቼ ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሞተር እመላለሳለሁ። ሰኔ ከገባ መንገዱ ዋልካ ነው፤ ሳልወድቅ የማልፈው ሳምንት የለም። ሰሞኑን በስልኬ ፈረንጆች የሞተር ጎማ ላይ ብሎን ጠቅጥቀው ረግቶ በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ ሲከንፉ አየሁ። እኔም ጎሚስታ ዘንድ ሄጄ ላስተክል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ አታስተክል።

ያየኸው ነገር እዚያው ቦታው ላይ ግሩም ነው። የረጋ በረዶ እንደ መስታወት ጠንካራ ነው። ጎማ የሚይዘው ያጣል፤ ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋማ ላዩ ላይ ስስ ውሃ ስለሚኖር ይብሳል። ብሎኑ ግን ይነክሰዋል። አጭር ብሎን ነው፤ ባለስድስት ማዕዘን ጭንቅላቱ ወደ ውጭ ይቀራል፣ የሚነክሰውም የጭንቅላቱ ጠርዝ ነው። የሚተከለው በጎማው ጥርስ ላይ እንጂ በጥርሶቹ መሃል ባለው ስስ ቦታ አይደለም፤ በአንድ ጎማ በመቶ የሚቆጠር ይገባል፣ ጫፉ ካላማዳሪውን እንዳይበሳም ከውስጥ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ሽፋን ያደርጉለታል። የመኪናው ጎማ ላይ የሚተከለው ደግሞ ጫፉ ተንግስተን ካርባይድ የሚባል በጣም ጠንካራ ነገር ነው፤ ወጣ የሚለው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አስፋልት ስለሚፍቅ ስዊድን እንኳ በመደበኛው የምትፈቅደው ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 ነው።

አሁን ወደ አንተ መንገድ እንምጣ። የአገራችን ሰው ድጥና ማጥ ብሎ የለየው በከንቱ አይደለም። ድጡ ላዩ ረጥቦ የሚያንሸራትትህ ነው፤ ማጡ ውጦ የሚያስቀርህ። ሁለቱም ለስላሳ ናቸው፣ ብሎን ለስላሳ ነገር ምኑን ይነክሳል? ዋልካ ደግሞ ይጣበቃል። ጎማው ጥቂት ሳይዞር ብሎኑም ጥርሱም በጭቃ ይለበጣል። ከዚያ ከተማ ገብተህ ኮብልስቶን ላይ ስትወጣ፣ መሬት የሚነካው ጎማህ ሳይሆን ብረቱ ይሆናል፤ ፍሬን ስትይዝ ብረት በድንጋይ ላይ ይንሸራተታል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ገንዘብህን ጥርሱ ረጃጅምና የተራራቀ የጭቃ ጎማ ላይ አውጣው። ጥርሱ ሲራራቅ ጭቃው እየተፈናጠረ ይወጣል። ቀጥሎ የፊት ፓራፋንጎህን እየው። ከጎማው ጋር የተቀራረበ ከሆነ ዋልካው መሃል ላይ ይታጨቅና ጎማውን ያስረዋል፤ መውደቅህ ከዚህ ሊሆን ይችላል። ከፍ አድርገህ አሳስር፣ ካልሆነም በዚያ መንገድ ስትሄድ ፍታው። ንፋሱን ትንሽ መቀነስ ይረዳል፣ ግን አታብዛው። ባለ ካላማዳሪ ጎማ ንፋሱ በጣም ካነሰ ቸርኬው ላይ ይሽከረከርና የንፋስ መሙያውን አንገት ይቆርጠዋል፤ ዝናብ ላይ ከቀበሌ ወደ ቢቸና ሞተር መግፋት ምን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም።

ድጡ ላይ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ሳታቆራርጥ ሂድ። የፊት ፍሬን አትንካ። ማጥ የመሰለህ ቦታ ላይ ደግሞ ውረድና በዱላ ወግተህ እየው። ማታ ዘንቦ ካደረ፣ ሥራው ካልቸኮለ ፀሐይ እስክትወጣለት ጠብቅ፤ ገበሬው ይረዳሃል።

ወደ ጮቄ ስትወጣ በረዶ ቢጥልብህስ? እሱም ብሎን አይፈልግም። ልቅ ጠጠር ነው፣ ቆም ብለህ እስኪቀልጥ ተጠለል።