መጀመሪያ ውሃ ልኩን፣ ከዚያ ግራይንደሩን

ጥያቄው ከጎንደር፣ ከአዘዞ የመጣ ነው። ጠያቂዋ በሕንፃ ማጠናቀቂያ ሥራ ደረጃ 2 ጨርሳ፣ ዓመት ከሁለት ወር በሴራሚክ ሠሪ ሥር ረዳት ሆና ቆይታለች። አሁን ማራኪ አካባቢ አንድ አዲስ ቤት በራሷ እንድትይዝ ተጠይቃለች። ሳሎኑ 4 በ5 ሜትር ሲሆን 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ፖርስሊን (ጠጣር የሴራሚክ ዓይነት) ይነጠፍበታል፤ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳው 30 በ60፣ ወለሉ 30 በ30 ሴራሚክ ነው። «ያጠራቀምኩት ገንዘብ ለሁሉም ዕቃ አይበቃም። አብረውኝ የሠሩት ልጆች ትልቁን ግራይንደር ግዢ፣ ሌላው ይደርሳል ይሉኛል። ከምን ልጀምር?» ትላለች።

እህቴ፣ እንኳን ለራስሽ ሥራ በቃሽ። ልጆቹ ትልቁን ግራይንደር የሚሉሽ ሥራ ቦታ ላይ ከሁሉ በላይ የሚታየውና የሚሰማው እሱ ስለሆነ ነው። የሚከፈልሽ ግን በካሬ ነው፤ በካሬ የሚሠራ ሰው የሚከስረው ቀስ ብሎ በመቁረጡ ሳይሆን ነቅሎ በመድገሙ ነው። ተጣብቆ ያደረ አንድ ፖርስሊን ስትነቅዪ እሱ ይሰበራል፣ የጎረቤቶቹ ጠርዝ ይሸረፋል፣ ማጣበቂያው የወለሉን ልስን ይዞ ይነሣል፣ የቀኑ የእጅ ዋጋም አብሮ ይሄዳል። ለመድገም የሚዳርጉት ደግሞ ከሞላ ጎደል የታወቁ ናቸው፦ ጎድጎድና ጉብ ያለ ወለል፣ ከማዕዘን የወጣ መነሻ መስመር፣ ከሥሩ ባዶ ሆኖ የቀረ ሴራሚክ። አንዱንም ግራይንደር አያድነውም።

ስለዚህ በእኔ ግምት ከያዝሽው ከእያንዳንዱ 100 ብር 20ውን ለመለኪያ፣ 40ውን ለእጅ መቁረጫ፣ 20ውን ለትንሽ ግራይንደርና ለዲስኩ፣ የቀረውን ለመለሰኛ፣ ለባልዲና ለራስሽ መከላከያ አውዪው። ለዕቃ መግዣ ብድር አሁን አትውሰጂ፤ ሁለት ሦስት ቤት ሠርተሽ የትኛው ዕቃ በየቀኑ እጅሽ ላይ እንደሚውል ስታውቂ ይደረስበታል።

ከመለኪያ የሚያስፈልግሽ 60 ሴንቲ ሜትር ውሃ ልክ፣ 2 ሜትር ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ፣ 5 ሜትር የሚለካ ሜትር፣ ስኳድራ፣ ሲባጎና ከ10 እስከ 15 ሜትር የሚሆን ግልጽ የውሃ ጎማ ነው። ውሃ ልኩን ሱቅ ውስጥ እያለሽ ፈትኚው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና አረፋው ወዴት እንደሄደ እዪ፤ ከዚያ እዚያው ቦታ ላይ ጫፍና ጫፉን አዙረሽ መልሰሽ አስቀምጪው። አረፋው ሁለቱንም ጊዜ በእኩል መጠን ወደ በሩ ከሄደ ውሃ ልኩ እውነተኛ ነው፣ የዘመመው ጠረጴዛው ነው። አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ግድግዳው ከሄደ ግን ተይው፤ ዋጋው ቢረክስም አይረባሽም። ሜትሩ ጫፍ ላይ ያለችው ብረት ትንሽ ወዲያ ወዲህ ብትል ብልሽት እንዳይመስልሽ። ከውጭ ስበሽ ስትለኪና ከውስጥ ገፍተሽ ስትለኪ የራሷን ውፍረት እንድታካክስ ሆና የተሠራች ናት። መትተው የሚያጠብቋት አሉ፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ልኬት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይዋሻል።

ዘንጉን ወለሉ ላይ በየአቅጣጫው፣ በሰያፍም ጭምር አስተኚው። ለ60 በ60 ፖርስሊን በ2 ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ክፍተት ካየሽ ሴራሚክ አታንሺ። ጉብ ያለውን አስፍቂ፣ የጎደለውን ሙዪና እስኪደርቅ ጠብቂ። «በማጣበቂያው አስተካክለዋለሁ» የሚለው ሐሳብ ብዙ ጀማሪ ይጥላል፤ ማጣበቂያ ወፍራም የሆነበት ቦታ ሲደርቅ ይበልጥ ይኮማተራል፣ ጠዋት እኩል የነበሩት ሁለት ጠርዞች ማግስቱን አንዱ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

ማዕዘኑን በሜትር አረጋግጪ። ሳሎንሽ ለዚህ የተመቸ ነው፦ ከማዕዘኑ ተነሥተሽ በአጭሩ ግድግዳ 3 ሜትር፣ በረጅሙ 4 ሜትር ላይ ምልክት አድርጊ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው። 5 ሜትር ከ2 ሴንቲ ሜትር ካነበብሽ ተከፍቷል፣ 4 ሜትር ከ98 ከሆነ ተዘግቷል። በዚያ ጊዜ መነሻ መስመርሽን በሲባጎ ራስሽ ዘርጊ እንጂ ግድግዳውን አትከተዪ፤ ከተከተልሽው ወዲያኛው ጫፍ ላይ የሚገባው ቁራጭ አንድ ጎኑ ሰፊ፣ አንድ ጎኑ ጠባብ ይሆናል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ በ60፣ በ80 እና በ100 ሴንቲ ሜትር ሥሪው፤ ስሌቱ ያው ነው።

የውሃ ጎማው ርካሽ ስለሆነ የሚናቅ ዕቃ ነው፤ ግን አራቱንም ግድግዳ ዙሪያውን አንድ ከፍታ ላይ ለመያዝ በጣም እተማመንበታለሁ። ውሃ ሞልተሽ የአየር አረፋውን በሙሉ አስወጪ፤ አረፋ ከቀረበት ከፍታው ይሳሳታል። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ፍሳሹ ማዘንበል ስላለበት የግድግዳውን የመጀመሪያ ረድፍ ከወለሉ ላይ አትጀምሪ። በጎማው ባወጣሽው መስመር ላይ ቀጥ ያለ እንጨት ምቺና ከሁለተኛው ረድፍ ተነሺ፤ ከታች ያለውን ወለሉ ሲያልቅ እየቆረጥሽ ሙዪው።

አሁን ወደ እጅ መቁረጫው። አንቺ የምትይዢው ሴራሚክ 60 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ እስከ 60 ብቻ የሚቆርጠውን አትግዢ፤ መፈናፈኛ የለውም። 80 ይሻልሻል። 120ው ከባድ ነው፣ በባጃጅ ለማመላለስም ያስቸግርሻል። ሰያፍ ለመቁረጥ ብቻ 60 በ60 ሴራሚክ ከጥግ እስከ ጥግ 85 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን 80ው አይደርስም፤ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ ረጅሙን ለዚያ ቀን በውሰት ትወስጃለሽ። ፒያሳም ሆነ ቅዳሜ ገበያ ስትሄጂ ሁለት ስባሪ ፖርስሊን ይዘሽ ሂጂና እዚያው ቁረጪበት። እጀታውን ወደ ጎን ነቅንቂው፤ ከተወዛወዘ መስመሩም ይወዛወዛል። ጥርሱ (መስመሩን የምታሰምረው ትንሽ ተሽከርካሪ ብረት) ከጫፍ ጫፍ ሳትቋረጥ አንድ ቀጭን መስመር ማውጣት አለባት። መስመሩ የሚሰመረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በተሰመረው ላይ መድገም ስንጥቁን ያበላሸዋል፤ ፖርስሊን ጠማማ ከሚሰበርባቸው ምክንያቶች ዋናው ይህ ነው፣ ቀጥሎ ያለቀ ጥርስ፣ ቀጥሎ መኻል ላይ የላላ ግፊት። ከመክፈልሽ በፊት የዚያው ዓይነት መለዋወጫ ጥርስ መኖሩን ጠይቂ፤ ከሌለ ማሽኑ ጥርሱ እስኪያልቅ ብቻ ነው የሚያገለግልሽ።

ይህ ዕቃ መብራት አይፈልግም፣ አቧራም አያስነሣም። መብራት በሄደበት ቀን ጓደኞችሽ ቁጭ ሲሉ አንቺ ሳሎኑን ትቀጥያለሽ።

ግራይንደር የሚያስፈልግሽ መቁረጫው ለማይሠራው ብቻ ነው፦ ለቧንቧ ዙሪያ፣ ለኤል ቅርጽ፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር ለሚያንስ ቀጭን ቁራጭ። ለዚህ 115 ሚሊ ሜትሩ ይበቃል። ዲስኩ ጠርዙ ያልተቆራረጠ፣ ዙሪያው ሙሉ የሆነ የዳይመንድ ዲስክ ይሁን፤ ጠርዙ ክፍት ክፍት ያለው ለኮንክሪት የተሠራ ነው፣ የሴራሚኩን ፊት ይሸራርፈዋል። የኤል ቅርጽ ስትቆርጪ የውስጥ ጥጉ ላይ መጀመሪያ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሺና ሁለቱን መስመሮች እዚያ ቀዳዳ ላይ አገናኚ። ሹል ጥግ ከተውሽ ስንጥቁ ከዚያ ይነሣል፤ አንዳንዴ በሳምንቱ፣ አንዳንዴ ባለቤቱ ከገባ በኋላ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ። መከላከያውን አውልቀው ትንሹ ግራይንደር ላይ የትልቁን 180 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚገጥሙ አሉ፤ በፍጹም እንዳታደርጊው። ትንሹ ማሽን በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይዞራል፣ የ180ው ዲስክ የሚችለው ደግሞ ወደ 8,500 ነው። ከዚያ በላይ ሲዞር ይበታተናል፣ ስብርባሪው የሚመጣውም ፊትሽ ላይ ነው። ባለገመድ ግራይንደር ላይ ውሃ እያፈሰሱ መቁረጥም ኤሌክትሪክ ያስይዛል። ደጅ ወጥተሽ፣ ነፋሱን በጀርባሽ አድርገሽ ቁረጪ። የፖርስሊንና የሲሚንቶ አቧራ ውስጥ ያለው ሲሊካ ሳንባ ላይ የሚተወው ጠባሳ አይሽርም፤ ሻሽ ወይም ቀጭኑ የሐኪም ማስክ አይመክተውም፣ ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 የተባለውን ጠይቂ። መነጽር፣ የጎማ ጓንትና የጉልበት መከላከያ እዚሁ ወጪ ውስጥ ይግቡ። ሃያ ዓመት ልትሠሪበት ያሰብሽው ጉልበት ነው።

ጥርሳም መለሰኛ ሁለት ይበቃሻል፦ ባለ 6 እና ባለ 10 ሚሊ ሜትር። 6ቱ ለ30 በ30 ወለልና ለአነስተኛ ሴራሚክ፣ 10ሩ ለ60 በ60 ነው፤ ለ30 በ60 ግድግዳ 8 ብታገኚ ይሻላል፣ ካጣሽ ልስኑ የተስተካከለ ከሆነ በ6ቱ ሥሪና የሴራሚኩን ጀርባም በስሱ ቀቢ። ማጣበቂያውን በአንድ አቅጣጫ ብቻ አበጥሪው፤ ክብ ክብ ካደረግሽው አየሩ መውጫ ያጣል። ሴራሚኩን ካስቀመጥሽ በኋላ መስመሮቹን አቋርጠሽ ወዲህና ወዲያ እየገፋሽ ተጫኚው፣ መስመሮቹ ይተኛሉ። ማጣበቂያ አምስት ቦታ ነጥብ ነጥብ አድርጎ መለጠፍ ግን ጥጎቹን ባዶ ያስቀራል፤ የፍሪጅ እግር ወይም የወደቀ ሙቀጫ ያንን ጥግ ይሰብረዋል። በየአሥሩ አንዱን አንሥተሽ ጀርባውን እዪ፦ ሳሎን ላይ ቢያንስ 80 በመቶ፣ መታጠቢያ ቤት ላይ 95 በመቶ መሸፈን አለበት።

ፖርስሊን ውሃ የሚመጠው ከክብደቱ ግማሽ በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው። ለዚህ ነው ተራ ሲሚንቶ ጀርባው ውስጥ ገብቶ የማይይዘው፤ ውሃ ውስጥ መንከርም ምንም አይጨምርለትም። ፖሊመር የተጨመረበት፣ ከረጢቱ ላይ ሲ 2 የሚል ማጣበቂያ ይገዛልሽ። ጀርባው ላይ ያለውን ነጭ ብናኝም በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጊው።

ለባለቤቱ የምትሰጪው የሳሎን ዝርዝር ይህን ይመስላል። 20 ካሬ ላይ 10 በመቶ ለብልሽት ጨምረሽ 22 ካሬ፤ አራት አራት የያዘው ካርቶን 1.44 ካሬ ስለሆነ 16 ካርቶን። በ10ሩ መለሰኛ አንድ ካሬ ወደ 5 ኪሎ ማጣበቂያ ስለሚወስድ 100 ኪሎ፣ ይኸውም ባለ 25 ኪሎ አራት ከረጢት፣ ጀርባውን ለመቀባት አንድ ተጨማሪ፣ በድምሩ አምስት ከረጢት። የሴራሚኮቹን ጠርዝ እኩል የሚይዘውን ማስተካከያ ክሊፕ በየጎኑ ሁለት ካደረግሽ በካሬ ወደ 11 ይሄዳል፤ 250 ያዢ። ክሊፑ ውስጥ የሚገባው ሽብልቅ ተመልሶ ይሠራል፣ ክሊፑ ግን ተሰብሮ ስለሚቀር ማን እንደሚገዛው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ የዲስኩንና የሲሊኮኑንም እንዲሁ። ከግድግዳው ጋር ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዪ፣ ዞኮሎው (የግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) ይሸፍነዋል።

ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሦስት ባልዲ ከዕቃሽ ቁጠሪ፤ አንዱ ባልዲ ለማቡኪያ፣ ሁለቱ ለስፖንጅ። በቆሸሸ ውሃ የተጠረገ ፖርስሊን ሲደርቅ ነጭ ጉም ይዞ ይቀራል። ስታቦኪ መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ ዱቄቱ ይግባ፤ አዋህጂው፣ 5 ደቂቃ ተዪው፣ እንደገና አማስዪው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅና ነፋሻማ ወቅት የተቀባው ማጣበቂያ በ20 ደቂቃ ውስጥ፣ መስኮት ያልገባለት ቤት ደግሞ ከዚያም ባነሰ ጊዜ ፊቱ ይደርቃል። በጣትሽ ንኪው፤ ጣትሽ ላይ ካልቀረ ፍቀሽ ጣዪው፣ ውሃ ረጭተሽ አታለዝቢው። አንዴ ከሁለትና ከሦስት ሴራሚክ ቦታ በላይ አትቀቢ።

የውሃ መቁረጫ ጠረጴዛውን (ዲስኩ በውሃ እየቀዘቀዘ የሚቆርጠውን) አሁን እርሺው። ጠርዝ 45 ዲግሪ የሚቆረጥበት ሥራ ሲመጣ ለሁለት ቀን ተከራዪና ኪራዩን ዋጋሽ ላይ ጨምሪው።

ይህን ቤት ስትጨርሺ የሚመጣልሽ ሁለተኛ ሥራ ከአሮጌ ሰፈር ሊሆን ይችላል። ዋጋ ከመናገርሽ በፊት ግድግዳውን በካቻቪቴ እጀታ ከላይ እስከ ታች አንኳኪው። ውስጡ እንጨትና ጭቃ ሆኖ ከላይ በሲሚንቶ የተለሰነ ከሆነ ድምፁ ባዶ ይሆናል፤ ልስኑ ራሱ ጭቃውን በደንብ አልያዘም ማለት ነው። በካሬ ከ20 ኪሎ የሚበልጥ ፖርስሊን እዚያ ላይ ከሰቀልሽ ከነልስኑ ተያይዞ ይወርዳል። ልስኑ ተነሥቶ፣ ሽቦ መረብ እንጨቱ ላይ ተመትቶ እንደገና እንዲለሰን ጠይቂ፤ ባለቤቱ እምቢ ካለ ወለሉን ብቻ ያዢ።