ብናኝ የሌለው አበባ፦ ጠይቃችሁኝ የነበረው

ፒያሳ ዘር መሸጫ ደጃፍ ላይ ሁለት ሰዎች «ወንዴው የመከነ ሽንኩርት» በሚል ሲጨቃጨቁ ሰማሁ፤ አበባው ብናኝ (የወንዴውን ዱቄት) የማያወጣ ሽንኩርት ማለት ነው። ነገሩ አሳሰበኝና ጠይቁኝ አልኩ። የመጣው ይሄው።

ጥያቄ፦ ይሄ ሽንኩርት በላብራቶሪ የተሠራ ነው አይደል?
መልስ፦ አይደለም! በፈረንጆች 1925 ሄንሪ ጆንስ የተባለ ተመራማሪ ካሊፎርኒያ ዴቪስ ውስጥ ከቀይ ሽንኩርት መሃል አንዷን ያገኛታል። ዘር አልያዘችም። ግን አበባዋ መሃል ትንንሽ ሽንኩርቶች አወጣች፣ በነሱም ተራባች። ብናኝ የሌላት ሽንኩርት ራሷን በራሷ ማዳቀል ስለማትችል ከሌላ ዝርያ ጋር ለማዳቀል ትመቻለች፤ እሷ ባትገኝ ኖሮ የዛሬው ዲቃላ ሽንኩርት አይኖርም ነበር ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ምኑ ነው የተበላሸው?
መልስ፦ ችግሩ ሕዋሱ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚወረሰው ከእናት ነው። ኒውክለሱ (የሕዋሱ እምብርት) ውስጥ የሚያስተካክል ዘረ መል ካለ ብናኙ ይመለሳል፣ ከሌለ መካን ሆኖ ይቀራል። ሽንኩርት የምንበላው ያበጠውን ራሱን እንጂ ፍሬውን ስላልሆነ መካን ቢሆንም ችግር የለም። በርበሬ ግን ፍሬ ካልያዘ ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ አባትየው ያንን አስተካካይ ዘረ መል ይዞ መምጣት አለበት። ይቺን ነጥብ ብዙ ሰው ይስታታል።

ጥያቄ፦ አበባ ቅርጹን የሚያገኘው በምንድን ነው?
መልስ፦ በፈረንጆች 1991 ኮኤንና ሜየሮዊትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ሐሳብ አለ፣ የኤ፣ ቢ፣ ሲ ሞዴል ይባላል፤ ፊደሎቹ የአበባውን ክፍሎች የሚያዙ የዘረ መል ቡድኖች ናቸው። ቢና ሲ አብረው ሲሠሩ ወንዴ ይወጣል፣ ሲ ብቻውን ከሆነ ሴቴ። ትእዛዙ ሲዛባ ቦታው ይቀያየራል። አንድ ዓይነት መካን ካሮት ላይ ወንዴው መውጣት የነበረበት ቦታ ላይ የአበባ ቅጠል መሳይ ነገር ይወጣል፣ ስታዩት ያምራል።

ጥያቄ፦ ቲማቲምስ?
መልስ፦ ዲቃላው በአብዛኛው በእጅ ነው የሚሠራው። ወንዴውን አበባ በአበባ እየነቀሉ። ዘሩ ውድ የሆነው ለዚህም ነው።

ጥያቄ፦ ከገዛሁት ሽንኩርት ዘር ላስቀር?
መልስ፦ ዲቃላ ከሆነ ተዉት፣ ልጆቹ አንድ ዓይነት አይሆኑም። እንደ አዳማ ሬድ ወይም ቦምቤ ሬድ ያለ ዲቃላ ያልሆነ ዝርያ ከሆነ ግን ይቻላል። ንብ ከጎረቤት ማሳ ብናኝ እንዳያመጣባችሁ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉት።

ጥያቄ፦ መካኑን በዓይን እንዴት ልለየው?
መልስ፦ ጠዋት የፈነዳ አበባ ያዙና የብናኙን ከረጢት በጣታችሁ ዳሰስ አድርጉት። ደህናው ቢጫ ዱቄት ይተዋል። መካኑ ጭምድድ ያለ ነው፣ ጣታችሁ ላይ ምንም አይቀርም።