ከነካሹ ቋጠሮ ስር የሚገባው ትንሽ ፑሊ፦ አንዳንዴ የማይነክሰው፣ አንዳንዴ የሚጣበቀው ለምንድን ነው?

ከደሴ የጠየቅኸው ወንድማችን፣ ሌላውም አባል እንዲከተል ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ባሕር ዛፍ ላይ ወጥተህ በድርብ ገመድ፣ ማለትም ከላይ ዛፉ ላይ አልፎ ሁለት ሆኖ ወደ አንተ በሚመለስ ገመድ፣ ቅርንጫፍ ትመለምላለህ። ከነካሹ ቋጠሮ (በቀጭን ገመድ ዋናው ገመድ ላይ የሚጠመጠመውና ክብደት ሲያርፍበት ነክሶ የሚይዘው) ስር ትንሽ ፑሊ ከጨመርክ ወዲህ ቋጠሮው አንዳንዴ ሳይዝ ይንሸራተታል፣ አንዳንዴ ደግሞ ተጣብቆ አልወርድ ይልሃል። «ጥፋቱ የፑሊው ነው ወይ?» ብለሃል። በዚያው ፑሊ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ማውረድ ይቻል እንደሆነም ጠይቀሃል። አብሽር፣ የሚስተካከል ነገር ነው። እስኪስተካከል ግን ከመሬት ከአንድ ሜትር በላይ አትውጣ።

ፑሊው አንተን አይይዝህም። የሚይዝህ ቋጠሮው ብቻ ነው። የፑሊው ሥራ ገመዱን ወደ ታች ስትስብ ቋጠሮውን ከስሩ ገፍቶ ሽቅብ ማንሳት ነው። ፑሊው ባይኖር አንድ እጅህ ገመድ ሲስብ ሌላው ቋጠሮውን ይገፋ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የፑሊው ጥራት ሳይሆን በፑሊውና በቋጠሮው መካከል ያለው ክፍተት ነው።

ዝቅ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ገመዱን ስቀልና ክብደትህን ሙሉ በሙሉ ጥለህበት እየው። ከፑሊው ራስ እስከ ቋጠሮው የታችኛው ዙር ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ዙሩ ፑሊው ላይ ከተቀመጠ፣ ካራቢነሩ (ቀጭኑን ገመድና ፑሊውን ከመታጠቂያህ ጋር የሚያያይዘው በር ያለው ማያያዣ) የቀጭኑን ገመድ ሁለት እግሮች ወደ ታች ሲስብ ፑሊው ዙሮቹን ከስር ደግፎ ያቆማቸዋል፤ ዙሮቹ አይጠብቁም፣ ዋናውን ገመድም አይነክሱም። አንተ «አልያዘም» የምትለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ቀጭኑ ገመድ አጥሯል ማለት ነው። ክፍተቱ አንድ ስንዝር ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ ስበት ያገኘኸውን ከፍታ መልሰህ ታጣዋለህ፤ ቁጭ ባልክ ቁጥርም ቋጠሮው በድንገት ይነጠቃል። አዲስ ቀጭን ገመድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚለጠጥ ክፍተቱን ዛሬ ለክተህ ነገም ለካው።

ልክ ለሚፈልግ፦ ዋናው ገመድ ከ11.5 እስከ 13 ሚሊሜትር፣ ቀጭኑ ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር ነው። ቀጭኑ ሁልጊዜ ከዋናው ይቅጠን፤ እኩል ከሆኑ በደንብ አይነክስም። በሁለቱም ጫፍ ዓይን (ካራቢነር የሚገባበት ቀለበት) ያለው፣ ከዓይን እስከ ዓይን ከ70 እስከ 80 ሴንቲሜትር የሆነ ይበቃል። ለጀማሪ ዲስቴል የሚባለውን ቋጠሮ እመርጣለሁ፤ ከሌሎቹ ነካሽ ቋጠሮዎች፣ ከፕሩሲክ ይልቅ በቀላሉ ይለቃል፣ እንደ ቫልዶቴን ደግሞ በትንሽ ስህተት አይከዳም። አንዱን ዓይን ወደ ታች አንጠልጥል፤ ሌላውን ጫፍ ዋናው ገመድ ላይ ወደ ላይ 4 ጊዜ ጠምጥም፤ በፊት ለፊት ወደ ታች መልሰህ ከተንጠለጠለው እግር በታች 1 ዙር አዙርና በሰያፍ በወረደው ገመድ ስር አሾልከህ አውጣው። ሁለቱ እግሮች ከ4ቱና ከ1ዱ ዙር መካከል ጎን ለጎን መውጣት አለባቸው። ካራቢነሩ ላይ ቅደም ተከተሉ ዓይን፣ ፑሊ፣ ዓይን ነው። ፑሊው መሐል ካልገባ ገመዱ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ካራቢነሩም በጀርባው ሳይሆን በበሩ በኩል ሊጫን ይችላል። በሩ በሦስት እንቅስቃሴ የሚከፈት ይሁን፤ ባንድ ጠመዝማዛ የሚቆለፈው ቅርፊት ሲያሻሸው ይላላል።

በባቲ የሰኞ ገበያ የምናየው ሰማያዊና አረንጓዴ የላስቲክ ገመድ ለግመል ጭነት ነው። የተሠራበት ፖሊፕሮፒሊን በ165 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ፖሊስተር ግን እስከ 250 ዲግሪ ገደማ ይቋቋማል፣ አራሚድ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ጭራሹን አይቀልጥም። በድርብ ገመድ 1 ሜትር ስትወርድ በቋጠሮው ውስጥ የሚያልፈው 2 ሜትር ገመድ ስለሆነ ሙቀቱ ቀላል አይደለም። ለቀጭኑ ገመድ አራሚድ የተቀላቀለበትን ፈልግ።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ላይ ልምጣ። ዋናው ገመድ ከላይ የሚያርፈው በምን ላይ ነው? ሻካራ ቅርፊት ላይ ከሆነ ቅርፊቱ ራሱ ከክብደትህ የተወሰነውን ይሸከማል፤ ስትወጣ ያደክምሃል፣ ስትወርድ ግን ይረዳሃል። ከላይም ፑሊ ወይም ለስላሳ ቀለበት ካደረግህ ያ እርዳታ ይጠፋል። አንተና ዕቃህ 80 ኪሎ ብትሆኑ ክብደቱ ለሁለቱ የገመድ ወገኖች ስለሚካፈል ቋጠሮው ላይ ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ ይወድቃል። ትናንት ጥድ ላይ በደንብ የነከሰ ቋጠሮ ዛሬ ልስልስ ግንድ ባለው ባሕር ዛፍ ላይ የሚንሸራተተው በዚህ ምክንያት ነው። ከላይ ያለውን ነገር በለወጥክ ቁጥር ቋጠሮውን ከመሬት እንደገና ፈትን፤ ከተንሸራተተ ከላይ አንድ ዙር ጨምር። በነጠላ ገመድ ግን 80ውም ኪሎ ቋጠሮው ላይ ስለሚያርፍ በቋጠሮ ብቻ መውረድ አይቻልም፤ ይጣበቃል ወይም ይቃጠላል። ለዚያ ከቋጠሮው በላይ ተጨማሪ ፍትጊያ የሚፈጥር መሣሪያ ያስፈልጋል።

መጣበቁ ከዚሁ ጋር ይገናኛል። ዙር ሲበዛ ይጣበቃል። የደሴ ጉምና የበልግ ካፊያ ገመዱን ሲያረጥቡት ናይሎን ያብጣል፣ ቋጠሮውም ይጠብቃል። የዋርካና የሾላ ወተት ሲነካው ደግሞ እንደ ማስቲሽ ይይዛል፤ ሳይደርቅ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠበው፣ ጥላ ላይ አድርቀው። በቤንዚን አትንካው። ሌላው ምክንያት የአወራረድ ስህተት ነው፦ እጅህን ከቋጠሮው አናት አድርገህ የላይኛውን ዙር ቀስ እያልክ ወደ ታች ግፋ። መሐሉን ጨብጠህ ከጎተትክ ዙሮቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ።

ይህን ደግሞ አጥብቀህ ያዝልኝ፦ እግርህ ሲያመልጥ ወይም ስትደነግጥ ቋጠሮውን እንዳትጨብጥ። ቋጠሮው ሊነክስ የሚችለው ስትለቀው ነው፤ ጨብጠህ ከወደቅክ ይዘኸው ትወርዳለህ፣ ሙቀቱም ቀጭኑን ገመድ ያበላሻል። ወደ መቀመጫ ከመደገፍህ በፊት በእያንዳንዱ ጊዜ ቋጠሮውን ባውራ ጣትህ ወደ ታች ነካ አድርገህ አስነክሰው፤ ፑሊው ገፍቶ የከፈተው ቋጠሮ ቅጠል ወይም የቅርፊት ልጣጭ ይዞ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዛፍ ልጣጩ በረጅሙ ስለሚላጥ ይህ ደጋግሞ ያጋጥማል። የገመዱ ጫፍ ላይ ማቆሚያ ቋጠሮ አይርሳ። መጋዝ ስትይዝ ደግሞ ሁለተኛ ማሰሪያ ግንዱ ላይ ይኑርህ፤ በሞተር መጋዝ ገመድ መቁረጥ የአንድ ሰከንድ ነገር ነው።

ቅርንጫፍ ማውረዱን በተመለከተ፦ በዚያ ፑሊ አይሆንም። 100 ኪሎ ቅርንጫፍ በፑሊ ላይ ተንጠልጥሎ ሌላው ወገን ከታች ሲያዝ፣ ፑሊውና የታሰረበት ቅርንጫፍ የሚሸከሙት 200 ኪሎ ገደማ ነው። ቅርንጫፉ ትንሽ ወድቆ ከተያዘ ጭነቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ለማውረጃ የራሱ ትልቅ ፑሊና የራሱ ገመድ ይለይ፤ የሰውና የዕቃ ገመድ አይቀላቀል። ዕቃ ወደ ላይ ለመሳብና ስትለቀው እንዳይመለስ ለማድረግ ግን ፕሩሲክና ፑሊ ጥሩ ጥምረት ናቸው፤ የፑሊው ጎኖች ከስራቸው ሰፊና ቀጥ ያሉ ከሆኑ ፕሩሲኩ ወደ መንኮራኩሩ አይገባም።

የጉድጓድ ውኃ መቅጃ ፑሊ ርካሽ ነው፤ ግን በመንኮራኩሩና በጎን ብረቱ መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ገመድ ይበላል፣ ምን ያህል እንደሚሸከምም አልተጻፈበትም። ጥንካሬው በኪሎኒውተን የተጻፈበትን ውሰድ፤ 1 ኪሎኒውተን ወደ 100 ኪሎ ነው። ኩሽኔታው ሲንኳኳ ወይም መንኮራኩሩ ወደ ጎን ሲወላገድ ተወው። ቅባት አትቀባው፤ ቅባቱ ገመድ ላይ ይሄዳል። ቀጭኑ ገመድ ሲያብረቀርቅና በጣት ሲነካ እንደ ፕላስቲክ ሲደርቅ ጊዜው አልፏል፤ ቁረጠውና ጣለው፣ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይጠቀምበት።

ስትወጣ ገመድ ከመወርወርህ በፊት ዛፉ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ወይም የንብ መንጋ እንዳለ ዙሪያውን እይ፤ ገመዱ ከተያዘ በኋላም ሁለት ሰው ሆናችሁ ከመሬት ተንጠልጠሉበት። ገመዱ የሚያርፈው በዋናው ግንድ አጠገብ፣ አረንጓዴና ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው መጋጠሚያ ላይ እንጂ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አይሁን፤ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፉን በድንገት ሊጥል ይችላል።

ክብደትህን ጥለህበት ሳለ ከጎን ፎቶ አንሥተህ እዚህ ለጥፈው፤ ክፍተቱና የካራቢነሩ ቅደም ተከተል ይታይ፣ ገመዶቹ ስንት ሚሊሜትር እንደሆኑም ጻፍ።