ስክሪኑ ቢቀላም ስልክ ደውሉ

የሙያ ልጆቼ፣

ጎንደር ክረምት ገብቷል። አንገረብ ደፍርሷል። ጡረታ ብወጣም ቆርቆሮው ሲንጫጫ አሁንም ሰዓቴን አያለሁ። ስንት ሰዓት ጀመረ ብዬ ልመዘግብ፣ ልማድ ነዋ!

ከእናንተ መካከል የአየር ሁኔታ ራዳር ላይ የተመደባችሁ አላችሁ አሉ። ደስ ይላል። ግን ራዳር ዝናብ አይለካም። ጮኾ የገደል ማሚቶ እንደሚያዳምጥ እረኛ ነው። ሞገድ ይልካል፣ ከጠብታዎቹ ነጥሮ የተመለሰለትን ይለካል። ዝናቡን የምናወጣው እኛ ነን፣ በስሌት።

ስሌቱ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። የጠብታ ዲያሜትር በእጥፍ ሲያድግ የምትመልሰው ጉልበት 64 እጥፍ ይሆናል። ጥቂት ትልልቅ ጠብታዎች ከብዙ ካፊያ በላይ ይጮኻሉ። በረዶ ሲቀላቀልማ ተዉት።

ራዳር በጀመርኩ ሰሞን ስክሪኑ ቀይ ሆነብኝ። ዶፍ ነው ብዬ 40 ሚሊ ሜትር ጻፍኩ። በኋላ እዚያው ቀበሌ ዝናብ መለኪያ ለሚያነቡ አንድ አዛውንት ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ስንት ሆነ?»

«አራት። በረዶው ግን ጎመኔን ፈጀው፣ ልጄ።»

ያን ቀን ያፈርኩት ዛሬም አልወጣልኝም።

ርቀትም አለ። ጨረሩን ከአግድም በግማሽ ዲግሪ ቀና አድርጋችሁ ብትልኩት፣ 100 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ከራዳሩ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው የሚያልፈው። ከሥሩ ያለውን አያይም። ተራራ ከጋረደውማ ጭራሽ። ከስሜን ተራሮች ጀርባ ያለ መንደር እየዘነበበት ስክሪኑ ላይ ደረቅ ሊመስል ይችላል።

የነፋሱ ነገር ይብሳል። ዶፕለር፣ ማለትም ፍጥነት የሚለካው ራዳር፣ ወደ እናንተ የሚመጣውንና የሚሸሸውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ፒያሳ ቆማችሁ ባጃጅ ፊት ለፊታችሁ አግድም ቢያልፍ፣ ለራዳሩ ያ ባጃጅ የቆመ ነው።

ራዳሩን ወደ ላይ ብታቀኑትስ? 5 ሚሊ ሜትር የሆነች ጠብታ በረጋ አየር በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ ትወርዳለች። ስክሪኑ በሰከንድ 5 ሜትር ካላችሁ፣ ትንሽ ጠብታ በረጋ አየር እየወረደች ነው? ወይስ ትልቋን ነፋስ ከታች እየገፋት? በዚህ ከባልደረቦቼ ጋር ስንነታረክ ነው ጡረታዬ የደረሰው።