መቀነቱ ሦስት ዙር ሲሆን

ባለፈው ወር አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ፦ «ሴት አያቴ 76 ዓመታቸው ነው። አምና ሐኪም ክብደትዎን ይቀንሱ ስላላቸው ሥጋውንም ወተቱንም እርግፍ አድርገው ትተው እስካሁን 9 ኪሎ ቀንሰዋል። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ሚዛን ልካላቸዋለች፤ በየእሑዱም እየደወለች ስንት እንደደረሱ ትጠይቃቸዋለች። ቤተሰቡ ሁሉ ደስ ብሎታል። ዕድሜያቸው ይረዝማል ማለት ነው?»

ለዚህች ልጅ በሁለት መስመር መመለስ እችል ነበር። ሆኖም ደብዳቤዋን ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ ላይ የሚመጡት የእርሷ አያት ሳይሆኑ በ1988 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ እከታተላቸው የነበሩ አንዲት እናት ስለሆኑ፣ መልሱን ከእርሳቸው ታሪክ ለይቼ መጻፍ አልቻልኩም። እናንተም ወጣቶች፣ በተለይም ሕክምና የምትማሩት፣ በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

አስቀድሜ እኔ ስለ ክብደት ምን ይዤ እንዳደግሁ ልንገራችሁ። በልጅነቴ «ወፈርክ» ማለት «ተመቸህ» ማለት ነበር፤ «ከሳህ» ማለት ደግሞ «ምን ደረሰብህ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ከሕክምና ትምህርት ቤት እንደወጣሁ የተመደብኩት ወሎ ውስጥ በነበረ የረሃብተኞች መጠለያ ሲሆን፣ የየዕለት ሥራዬ ሕፃናትን ከእንጨት ላይ በተንጠለጠለ ሚዛን መመዘንና ክብደታቸውን ከቁመታቸው ጋር ማመሳከር ነበር። የሚዛኑ መርፌ ከባለፈው ሳምንት ግማሽ ኪሎ አልፎ ሲቆም እናቲቱም እኔም እናለቅስ ነበር። በኋላ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ የኤችአይቪ ዘመን ሆነና ክሳት ሌላ ትርጉም ያዘ። ሰው በሐዘንም ሆነ በጨጓራ ሕመም ቢከሳ ጎረቤት የሚጠረጥረው አንድ ነገር ብቻ ስለነበር፣ ጤነኛ ሆነው ሳለ የሚያወፍር መድኃኒት እንዳዝላቸው የሚለምኑኝ ሰዎች ነበሩ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት ያየ ሐኪም በታካሚው ጉንጭ ላይ ሥጋ ሲመለስ የሚሰማውን እፎይታ መቼም አይረሳውም።

እንዲህ ባለ ዘመን ውስጥ አልፌ ሳለ፣ የአንዲት እናት ክሳት ፊት ለፊቴ ቆሞ እንዴት ሳላየው እንደቀረሁ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

«ጣልያን ሲገባ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ» ስላሉኝ ካርዳቸው ላይ 68 ብዬ ጻፍኩ። የዚያ ዘመን ሰው ዕድሜውን የሚቆጥረው እንዲህ ነው፤ የልደት ወረቀት የለም፣ በጣልያን መግባት፣ በንጉሡ መመለስ፣ በአንበጣ ዓመት ነው የሚሰላው። ባልትና ያዘጋጁ ነበር፤ በርበሬና ሽሮ እየሸጡ አምስት ልጆች አሳድገዋል። ወደ እኔ የመጡት በደም ግፊትና በጉልበት ሕመም ነው። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ55፣ ክብደታቸው 78 ኪሎ ሲሆን፣ ክብደቱ ለቁመት ካሬ ሲካፈል ከ32 በላይ ይመጣል። መጽሐፉ ከ30 በላይ የሆነውን ከልክ ያለፈ ውፍረት ስለሚለው፣ እኔም ሥጋና ቅቤ ይተዉ፣ እንጀራ ይቀንሱ ብዬ አዘዝኩ። እንዴት እንደሚቀንሱ ግን አልነገርኳቸውም፤ በምትኩ ምን እንደሚበሉም አልጠየቅኋቸውም።

እንደ እርሳቸው ትእዛዝ የሚያከብር ታካሚ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። በየወሩ ተመላላሽ ክፍል ሲመጡ ነጠላቸውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ መቀነታቸውን ይፈታሉ፤ ሚዛኑ ላይ የሌላ ነገር ክብደት እንዲቆጠርባቸው አይፈልጉም። በዘጠነኛው ወር 66 ኪሎ ሆኑ። ከሚዛኑ ወርደው ቀድሞ ሁለቴ ይዞር የነበረውን መቀነት ሦስት ጊዜ ካዞሩት በኋላ የተረፈውን ጫፍ በጣታቸው ይዘው፣ «ዶክተርዬ፣ ይኸው ሦስት ዙር ሆነልኝ» አሉኝ። እኔም «ጎበዝ!» አልኳቸው። በዚያ አልበቃኝም፤ ከጎኔ የነበሩትን ተማሪዎች ጠርቼ ካርዱን እያሳየሁ፣ ታካሚ ምክር ሲሰማ እንዲህ ይሆናል ብዬ አስተማርኩበት። ስሌቱ አሁንም ከ27 በላይ ስለነበር፣ ቢያንስ አምስት ኪሎ እንደሚቀራቸው ነግሬ ሸኘኋቸው። ጫማቸውን አድርገው ሲነሱ ሁለት እጃቸውን የጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ ጥለው ነበር የተነሱት። ያንን ዓይኔ አይቶታል፤ አይቶት ባይሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ ቁልጭ ብሎ አይመጣብኝም ነበር። ግን ካርዱ ላይ አልጻፍኩትም።

በኅዳር አንድ ማለዳ ከኩሽናቸው ሲወጡ ደፉ ላይ እግራቸው ተያዘና ወደቁ። ከፍታው ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። በመጀመሪያ ወለምታ ነው ተብሎ ወጌሻ ተጠራ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ሆስፒታል ሲመጡ የዳሌያቸው አጥንት ተሰብሮ ተገኘ። በዚያን ጊዜ እርሳቸውን ለመሰለ ሰው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ማስገባት የሚታሰብ ነገር ስላልነበር፣ እግራቸው ላይ ክብደት ተንጠልጥሎ ሳምንታት በጀርባቸው ተኙ። የአልጋ ቁስል መጣ፤ ከዚያም የሳንባ ምች። በየካቲት አረፉ።

ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ሴት ልጃቸው ድንኳኑ ጥግ ላይ ከጎኔ ተቀምጣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ «እናቴ ከወንበር ስትነሳ መደገፍ ከጀመረች ወራት ሆኗት ነበር። የውኃ ጀሪካን ማንሳትም አቅቷት ነበር። ባለፈው አብሬያት ስመጣ ልነግርዎት ፈልጌ ነበር፤ ግን እርስዎ በጣም ደስ ብሎዎት ስላየሁ ተውኩት።» ወቀሳ አልነበረም፤ እንዲያውም እያጽናናችኝ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ታካሚዬ ፊት ደስታዬን ቀድሜ ማሳየት እፈራለሁ።

ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው። እኔ ሥጋና ቅቤ ስል እርሳቸው ወተቱንና እንቁላሉንም ጨምረው ተዉት። የመንጋጋ ጥርሳቸው አልቆ ስለነበር ቆሎም ንፍሮም አይሆንላቸውም። ለምእመናን በዓመት 180 ያህል የሚደርሱትን የጾም ቀናት ደግሞ አንዱንም አላጓደሉም፤ ስለዚህ የቀራቸው ግማሽ እንጀራ በቲማቲም ነበር። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ገበያ መሄዱንም ለልጃቸው ትተዋል። ሰው ሳይንቀሳቀስና በቂ ፕሮቲን ሳያገኝ ክብደት ሲቀንስ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም፤ ከሚቀነሰው ውስጥ ብዙ ጊዜ ሩብ ያህሉ ጡንቻን የመሰለው ስብ ያልሆነው የሰውነት ክፍል ነው። ወጣት ቢሆን መልሶ ይገነባዋል። አዛውንት ግን ኪሎው ቢመለስለት እንኳ በአብዛኛው የሚመለስለት ስቡ ነው። አጥንትም ሸክሙ ሲቀንስለት ይሳሳል። ያ ሦስተኛ የመቀነት ዙር፣ እኔ ጤና ብዬ ያጨበጨብኩለት፣ በከፊል የጭናቸው ጡንቻ ነበር።

በእርጅና የሚመጣው የጡንቻ መመናመን ሳርኮፔኒያ የሚለውን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ ስሙን ያወጣለት አሜሪካዊው ሐኪም ኧርዊን ሮዘንበርግ ነው። እኚያ እናት ሚዛኔ ላይ ሲቆሙ ቃሉ ተፈጥሮ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ዘንድ አልደረሰም እንጂ። እኔ ዘንድ የደረሰው ክብደትን ለቁመት ካሬ የማካፈሉ ስሌት ነበር። ያንን ቀመር እ.ኤ.አ. በ1832 ያቀረበው አዶልፍ ኬትሌ የተባለ የቤልጂግ የስታቲስቲክስ ሊቅ ነው፤ ሐኪም አልነበረም፣ የሚፈልገውም የብዙ ሰዎችን አማካይ ማወቅ ነበር። አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሴል ኪስ እ.ኤ.አ. በ1972 ዛሬ ቢኤምአይ የምንለውን ስም ሰጠው። የብዙ ሰዎችን አማካይ ለማወቅ የተሠራውን መለኪያ ወስጄ፣ ጥርስ የሌላቸውና ጉልበታቸው የሚያማቸው አንዲት እናት ላይ እንደ ፍርድ ጫንኩት።

እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ካትሪን ፍሌጋልና ባልደረቦቿ 97 ጥናቶችን፣ በድምሩ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን፣ አንድ ላይ አድርገው ሲመረምሩ፣ ስሌታቸው በ25 እና በ30 መካከል የሆነው ሰዎች የሞት መጠን መደበኛ ከሚባሉት በ6 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ብዙ ባለሙያዎች አጥብቀው ተከራክረውታል፤ የሚያጨስና በበሽታ የከሳ ሰው ከቀጭኖቹ ጋር ስለሚቆጠር ቀጭኑን ጎራ ያጠቁረዋል ይላሉ፣ ክርክራቸውም ክብደት አለው። ነገር ግን ይህን ባነበብኩ ዕለት ያሰብኩት ስለ ክርክሩ አልነበረም። 66 ኪሎ ላይ፣ በዚያው ከ25 እስከ 30 ባለው መሐል ላይ ቆመው ሳለ፣ አምስት ኪሎ ይቀርዎታል ያልኳቸውን እናት ነበር ያሰብኩት።

እንዲህ ስል ውፍረትን ለአዛውንት እየመረቅሁ እንዳይመስላችሁ። ጉልበታቸው ይታመም ነበር፣ ግፊታቸውም ከክብደቱ ጋር ወርዷል፤ መቀነሳቸው በራሱ ስሕተት ነበር ለማለት አልደፍርም። አንዳንድ ሌሊት ግን ምንም ባልነገርኳቸው ኖሮ ብዬ አስባለሁ፤ በ78 ኪሏቸው ባልትናቸውን እየሸጡ አሥር ዓመት ይኖሩ ነበር እላለሁ። ሁለቱንም አምናለሁ፤ አስታርቄያቸው አላውቅም። ቀጭንነትም ቢሆን ብቻውን ዋስትና አይደለም። ከጎንደርና ከአካባቢው ገበሬዎች ሆነው ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ቀጫጭኖች ነበሩ፣ ስኳር በሽታም እምብዛም አይታይባቸውም ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን በሽታው በብዛት ታየ፣ ያውም ከሌላው ሕዝብ ባነሰ ክብደት። ስለዚህ ቁጥሩ የማንን ሰውነት፣ ከምን ኑሮ ወደ ምን ኑሮ የተሸጋገረውን እንደሚለካ ሳይጠየቅ ትርጉም የለውም።

ስለ ሲጋራ፣ ስለ መጠጥና ስለ ጣፋጭ አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ። ዛሬ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የእናንተ ትውልድ ስለ ሰውነቱ ከእኛ የበለጠ ያውቃል፤ ጂም ትሄዳላችሁ፣ ስለ ፕሮቲን ስትነጋገሩ እሰማለሁ፣ ይህም ያስደስተኛል። ነገር ግን ያወቃችሁትን ለራሳችሁ ደረት ብቻ ነው የምታውሉት። ብረት ማንሳት ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው የሰባ ዓመቷን እናታችሁን መሆኑን የነገራችሁ ያለ አይመስለኝም። ይባስ ብሎም እናንተ ራሳችሁ የምትወጉትን የክብደት መቀነሻ መርፌ፣ ሴማግሉታይድና መሰሎቹን፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሻንጣ ለወላጆቻችሁ የምትልኩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መድኃኒቱ በአግባቡ ሲሰጥ የሚያስመሰግን ነው፤ የምግብ ፍላጎቷ ድሮውንም የቀነሰ አሮጊትን ያለ ክትትል መውጋት ግን እኔ ያደረግሁትን ስሕተት በፍጥነት መድገም ነው። እኔ በተወለድኩበት ጊዜ በአገራችን አማካይ የሕይወት ዘመን 40 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ65 በላይ ነው። ወላጆቻችሁ አያቶቻቸው ያላዩትን ዕድሜ እያዩ ስለሆነ፣ የሸመገለ ሰውነት እንዴት እንደሚያዝ ከቤተሰብ የሚወረስ ልማድ የላችሁም።

ልጄ፣ አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። አያትሽ በዓመት 9 ኪሎ ቀንሰዋል። አዛውንት ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ሳያስቡት ከክብደታቸው 5 በመቶ ከቀነሱ ምክንያቱ መመርመር አለበት፤ አስበውበት ቀንሰው ከሆነም ከ9ኙ ኪሎ ምኑ እንደሄደ መታወቅ አለበት። ሚዛን አትመኑ ስል ኖሬ ሚዛኑን ጣሉት አልልሽም፤ ወር በወር ይመዘኑ፣ የእሑዱ ስልክ ግን ይቅር። አክስትሽ ስንት ኪሎ ደረሱ ማለቱን ትታ ምን በሉ ብላ ትጠይቅ። በኪሎ ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል፤ ኩላሊታቸው የታመመ ከሆነ ግን ልኩን ሐኪማቸው ይወስን። እንቁላልና ወተት ይመለሱላቸው፤ በጾም ወቅት ወፍራም ሽሮ፣ በደንብ የበሰለ ምስር፣ የባቄላ ፉል ይቅረብላቸው፣ ጥርሳቸውም ይታይ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ወደ ሐኪማቸው ውሰጃቸው፤ እዚያም ደስ ያለው ፊት ብታዪ እንኳ የምታውቂውን ሳትነግሪው እንዳትወጪ።

እስከዚያው ቅዳሜ ቤታቸው ስትሄጂ የገዛ ሁለት እጃቸውን አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ገጥመው የባታቸውን ወፍራሙን ቦታ እንዲከቡት አድርጊ፤ ጣቶቻቸው ተገናኝተው ክፍተት ከተረፈ ጡንቻው ሳስቷል ብለሽ ጠርጥሪ። ቀጥሎም ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ ወንበር ላይ አስቀምጠሽ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው አምስት ጊዜ እንዲነሱና እንዲቀመጡ ጠይቂያቸው፤ አንቺ አጠገባቸው ቁሚ፣ በስልክሽም ሰዓቱን ያዢ። ከ15 ሰከንድ ካለፈ ጻፊው። መነሳት አቅቷቸው እጃቸውን ከዘረጉ ደግሞ የት እንደሚያሳርፉት ተመልክተሽ በዚያው ዕለት ላኪልኝ።