ደሴና ኮምቦልቻ ራሱን መምራት የማይችል ወንድም ወይም እህት ላላቹ፣ ውክልና ከመላካቹ በፊት

ወገኖቼ ሰላም ለናንተ ይሁን። ከጅዳም ከቤይሩትም እዚው ካለሁበት ከሜሪላንድና ከዲሲም የሚደወልልኝ ጥያቄ አንድ አይነት እየሆነ ስለመጣ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። ጥያቄው ይሄ ነው፣ እማማ ደሴ ናት፣ ከሷ ጋ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወንድማችን አለ፣ እማማ ደከመች፣ ቤቱ የአባታችን ነው፣ ለአጎቴ ልጅ ውክልና ልኬለት የወንድሜንም ጉዳይ አብሮ ይጨርስልኝ ወይ?

አይጨርስም። ይሄን ሳታውቁ ብር አታውጡ። ውክልና የሚሰጠው የመብቱ ባለቤት ነው፣ እናንተ ኤምባሲ ሄዳቹ የምትፈርሙት ለራሳቹ ድርሻ ብቻ ነው፣ የወንድማቹን ድርሻ እናንተም ውክልና መስጠት አትችሉም፣ እሱም የሚፈርመውን ካልተረዳ መስጠት አይችልም፣ አስፈርመውት እንኳ ቢያልፍ ነገ አንዱ ተነስቶ ያፈርሰዋል። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ እማማ ለአንዱ ሰጥታው የነበረው ውክልና እሷ ስትሞት አብሮ ያበቃል፣ ከመሞቷም በፊት በመርሳት በሽታ ምክንያት ራሷን መምራት ካቃታት እንደዛው። ብዙ ቤተሰብ "ውክልና አለን" ብሎ ተዘናግቶ ተቀምጦ እናት ባረፈች በማግስቱ ነው ባዶ እጁን የሚቀረው።

ኮምቦልቻ የማውቃቸው ቤተሰቦች አሉ። እናት አረፉ፣ ሦስት ልጆች፣ ሁለቱ ውጪ፣ አንዱ ከተወለደ ጀምሮ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት፣ ከግቢው ፊት ለፊት ሁለት የሚከራይ ሱቅ አለ። ሁለቱ ለአንድ ዘመድ ውክልና ላኩ፣ የወራሽነት ማስረጃም ወጣ፣ ስም ለማዞር ሲኬድ ግን የሦስተኛው ወራሽስ ተባለ። ዘመድየው ልጁን ይዞት ሄደና ጣቱን ቀለም አስነክቶ ሊያስፈርመው ሲል ሠራተኛዋ ቀና ብላ "ወንድሜ ምንድነው የምትፈርመው?" አለችው፣ ልጁ ሳቅ ብሎ "ሻይ" አላት፣ ሻይ ይገዛልሃል ተብሎ ነበራ የመጣው። ፋይሉን ዘግታ መለሰችላቸው። በጣም ነው የተናደዱባት፣ እኔ ግን የዛን ቀን ለዛ ልጅ የቆመችለት እሷ ብቻ ናት እላለሁ። ከዛ በኋላ ነው በሕጉ መንገድ ሄደው አክስቱ በፍርድ ቤት ሞግዚት የሆነችለት፣ አሁን የሱቁ ኪራይ ለሱ ልብስና መድኃኒት ይውላል።

የሕጉ መንገድ እንዲህ ነው። 18 ዓመት ላልሞላው ልጅ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ይሠራል። ለአዋቂ ሰው ግን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 351 ጀምሮ ባለው ነው የሚኬደው፣ ፍርድ ቤት ሰውየው ራሱን መምራት አይችልም ብሎ በራሱ እንዳይዋዋል በፍርድ ይከለክለውና ለአካሉና ለኑሮው አሳዳሪ፣ ለንብረቱ ሞግዚት ይሾምለታል፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም አንድ ሰው ይይዘዋል። ማመልከት የሚችለው ራሱ ሰውየው ነው፣ ባል ወይም ሚስት ነው፣ የሥጋም የጋብቻም ዘመድ ነው፣ ዐቃቤ ሕግም ይችላል። ዘመድ ከሌለ ወይም ዘመድ የሚባለው ራሱ ንብረቱን የሚያባክን ከሆነ ዐቃቤ ሕግ የሚለውን ያዙልኝ። የተሾመው ሰው እንደፈለገ አይሆንም፣ ሒሳብ ያቀርባል፣ ቤት ልሽጥ ካለ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ አለበት።

አሁን ወደ ነፃው እርዳታ። ደሴ የጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ሞልቷል፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች ሥራቸውን ነው የሚሠሩት፣ ምንም አልልም፣ ግን "ዳኛውን አውቀዋለሁ፣ ከውጪ ይህን ያህል ላኩ" የሚላቹን ሰው ስልኩን ዝጉበት። መጀመሪያ የሚኬደው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሕግ ትምህርት ቤቱ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ የሕግ መምህራንና ተማሪዎች ናቸው የሚሠሩት፣ ምክር ይሰጣሉ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ እንደ ጉዳዩም ከዛ በላይ ይሄዳሉ። ሁለተኛ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ነው፣ አቅም ለሌላቸው ሴቶች ሕፃናትና አካል ጉዳተኞች በፍትሐ ብሔር ጉዳይም ዐቃቤ ሕግ እንዲያግዝ ይጠየቃል፣ እማማ ራሷ ወይም እህታቹ ሄዳ ትጠይቅ፣ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ። አመልካቿ ሴት ከሆነች ወይም ጉዳዩ የሕፃን ከሆነ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርንም አስጠይቁ፣ ከ1987/88 ዓ.ም. ጀምሮ ለሴቶችና ለሕፃናት በነፃ ሲሠራ የኖረ ማኅበር ነው። ዓይነ ስውር ከሆነ ደግሞ የዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር አለ፣ ጠበቃ ባይሰጧቹ እንኳ የትኛው ቢሮ ማን ጋ እንደሚኬድ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

የዳኝነት ክፍያ የሚያስፈራው ሰው ካለ በ1957ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 467 "በደሃ ደንብ" የሚባለው አለ፣ መክፈል የማይችል ሰው ያለውን ንብረት ዘርዝሮ ማስረጃውን ከቀበሌ አምጥቶ ያመለክታል፣ ፍርድ ቤቱ ካመነበት ያለ ክፍያ ይከፍትለታል። እዚ ላይ አንድ ነገር ልናገር፣ ነፃ እርዳታው ለደሃ ነው። አመልካቿ እማማ ከሆነች የሚታየው የሷ አቅም ነው፣ ግን እናንተ በየወሩ ዶላር እየላካቹ ጠበቃ መክፈል የምትችሉ ከሆነ የአንዲት ምስኪን ተራ አትያዙ፣ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያዙ፣ የጥብቅና ፈቃዱን አሳየኝ በሉት፣ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ክፍያው በደረሰኝ ይሁን። ከዩኒቨርሲቲው ምክሩን መጠየቅ ግን ለማንም አያሳፍርም።

የወሎ ሰው ነንና ይሄም ይነሳ፣ ሙስሊም ቤተሰብ ከሆናቹ የልጆች ሞግዚትነትና የውርስ ጉዳይ ሸሪዓ ፍርድ ቤትም ይታያል፣ ግን ሁሉም ተከራካሪ ወገን ፈቅዶ ሲቀርብ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ፈቃድን ነው መሠረት ያደረገው። አንዴ ወዳችሁ ከገባቹ በኋላ ልቀይር ማለት ስለማያዋጣ መጀመሪያ ተመካከሩ፣ በተለይ እህቶች የምትፈርሙትን ወረቀት አንብባቹ ፈርሙ።

ማስረጃው ላይ ብዙ ሰው ይጉላላል። የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ለዚህ ደሴ ሆስፒታል ወይም ቦሩ ሜዳ መኬድ አለበት፣ ፍርድ ቤቱ ራሱ በደብዳቤ ሊልካቹ ይችላልና መጀመሪያ መዝገብ ቤት ጠይቁ፣ ያለ ትእዛዝ ወጥታቹ ደግማቹ እንዳትመላለሱ። የዝምድና ማስረጃ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ቤተሰቡን የሚያውቁ ምስክሮች፣ የእድር ዳኛ ወይም ጎረቤት ጥሩ ምስክር ነው። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ወረቀቱ የጠፋበት ሰው አይደንግጥ፣ ምስክር አለ፣ ሌላ ቢሮ ቅጂ አለ፣ የትኛው ወረቀት እንደጠፋ ማመልከቻው ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ዳኛ ሰውየውን ራሱን ማየት ይፈልጋል፣ ማየትም አለበት። ወንድማችሁን ስትወስዱት የሚያምነው ሰው አብሮት ይሂድ፣ ቁርሱን በልቶ መድኃኒቱን ወስዶ፣ ለምን እንደሚሄድ በሚገባው መጠን ተነግሮት። ከቤት መውጣት የማይችል ከሆነ ይሄው በማመልከቻው ይጻፍና ቤቱ ሄደው እንዲያዩት ይጠየቅ። "እብድ ነው ምን ያደርጋል" ብላቹ እቤት ቆልፋቹበት የምትሄዱ እባካቹ፣ ሊወሰን ያለው የሱ ሕይወት ነው።

ይሄን ስጽፍ በጣም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ዓይነ ስውር ነው፣ መስማት የተሳነው ነው፣ በዊልቸር ነው የሚሄደው ተብሎ ሞግዚት ይሾምለት የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። ለምን? አእምሮው ሙሉ ነው፣ የሚፈልገውን ያውቃል፣ ራሱ ውክልና መስጠት ይችላል ራሱ መሸጥ መለወጥ ይችላል። ሕጉ ያስቀመጠለት መከላከያ አለ፣ በፍትሐ ብሔር ቁጥር 1728 መሠረት የዓይነ ስውር ፊርማ ወይም የጣት አሻራ የሚያስገድደው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው፣ ስለዚህ ውልና ማስረጃ ሄዶ የወረቀቱ ቃል ተነቦለት ይፈርማል በቃ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች፣ አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኛ በሕግ ፊት እንደማንም ሰው እኩል ነው ይላል። ለቤት ድርሻ ተብሎ ሙሉ ሰው በፍርድ ሲከለከል ውጪ ያላችሁት ዝም ካላቹ እናንተም አላቹበት። እንዲህ አይነት ነገር ከሰማቹ ያንኑ ወንድማችሁን በስልክ አግኙትና ወደ ዩኒቨርሲቲው የሕግ ድጋፍ ራሱ እንዲሄድ አድርጉ።

ለራሳቹ ድርሻ ውክልና ስትልኩ ደግሞ "ጠቅላላ ውክልና" ብቻ ብላቹ አትላኩ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 ቤት ለመሸጥ ለማስያዝ፣ ለመክሰስ ለመከሰስ፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለመስጠት ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል፣ የምትፈቅዱትን በስም ጻፉ፣ የማትፈቅዱትንም ጻፉ። ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲከራከርላቹ ከሆነ ወንድም፣ አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ ባል ወይም ሚስት ያለ ጥብቅና ፈቃድ መወከል ይችላሉ፣ የአጎት ልጅ ግን እዚ ዝርዝር ውስጥ የለም። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ከተፈረመ በኋላ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ደግሞ መረጋገጡን አትርሱ፣ እዛ ሳይደርስ ደሴ የተላከ ወረቀት ብዙ ሰው ከመንገድ መልሷል።

አንድ ሌላ ነገር በአጭሩ። የእህቴን ልጅ ሞግዚት ሆኜ ወደ አሜሪካ ላምጣው የምትሉ፣ ሞግዚትነት ጉዲፈቻ አይሆንም፣ ቪዛም አያስገኝም፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ለውጭ አገር ጉዲፈቻ መስጠት ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክላለች። ይሆናል ብሎ ገንዘብ የሚቀበላቹ ሰው ካለ እየዋሻቹ ነው።

እዚ አሜሪካ ልጃችሁ ኦቲዝም ወይም ዳውን ሲንድሮም ላለበት ወላጆች ደግሞ፣ ልጁ 18 ዓመት በሞላ ቀን በአብዛኛው ስቴት ሕጉ አዋቂ ይለዋል፣ ሐኪሙም፣ በብዙ ስቴት ትምህርት ቤቱም፣ እናንተን ትቶ እሱን መጠየቅ ይጀምራል፣ ስለዚ በ17 ዓመቱ ነው መጠየቅ ያለባቹ። በየስቴቱ በ1975 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የተቋቋመ የአካል ጉዳተኞች መብት አስከባሪ ድርጅት አለ፣ ሜሪላንድ ዲሳቢሊቲ ራይትስ ሜሪላንድ፣ ቴክሳስ ዲሳቢሊቲ ራይትስ ቴክሳስ፣ ዋሽንግተን ስቴት ዲሳቢሊቲ ራይትስ ዋሽንግተን ይባላል፣ በነፃ ነው፣ ግን ጠበቃነቱ ለልጁ ነው፣ ለእናንተ አይደለም። ትምህርት ቤቱ አገልግሎት ከለከለው፣ ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) ቆረጠው ስትሉ እነሱ ጋ ደውሉ። እናንተ ጋርዲያን (ሞግዚት) ለመሆን ከፈለጋቹ ግን ወደ ሊጋል ኤይድ (ነፃ የሕግ እርዳታ ቢሮ)፣ ወደ ጠበቆች ማኅበሩ የነፃ አገልግሎት፣ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ክሊኒክ ነው የሚኬደው። በፌደራል ገንዘብ የሚሠሩት ሊጋል ኤይዶች በመደበኛው ገቢያቹ ከድህነት መለኪያው 125 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ይፈልጋሉ፣ ትንሽ ብታልፉም ደውሉ፣ ለአካል ጉዳት የሚለቁበት ሁኔታ አለ። የት እንደሚደወል ካላወቃቹ የእርዳታ መረጃ መስመር ወደሆነው 211 ደውላቹ "አማርኛ" በሉ፣ አስተርጓሚ ይጠየቃል፣ ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉት።

ደግሞ ጋርዲያንሺፕ ከመጠየቃቹ በፊት ያነሰ ነገር ይበቃ እንደሆነ ጠበቃውን ጠይቁት። ከሶሻል ሴኩሪቲ የሚመጣለትን ገንዘብ ብቻ ለመያዝ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ተቀባይ አድርጎ ሊመዘግባቹ ይችላል፣ ፍርድ ቤት አያስፈልግም። ልጁ በእርዳታ መወሰን የሚችል ከሆነ ደግሞ በድጋፍ መወሰን የሚባል ስምምነት አለ፣ ቴክሳስ በ2015 ሕግ አድርጋዋለች፣ ከዛ በኋላ ሌሎችም ብዙ ስቴቶች። ኤስ ኤስ አይ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኛ መንግሥት በየወሩ የሚሰጠው ገንዘብ) ተከልክሎ ደብዳቤ ከመጣ ይግባኙ 60 ቀን ነው፣ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት፣ ያን ቀን ፎቶ አንስታቹ ለሊጋል ኤይዱ ላኩት።

ወደ ደሴው ልመለስና፣ ክረምት ላይ ሄጄ እጨርሰዋለሁ የምትሉ ብዙ ናቹ፣ ልጆች ከትምህርት ስለሚያርፉ ገብቶኛል። ግን የኛ ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ እስከ መስከረም እረፍት ላይ ናቸው፣ አስቸኳይ ካልሆነ መዝገቡ አይንቀሳቀስም፣ መጥታቹ የጦሳን ተራራ አይታቹ ነው የምትመለሱት። ከሄዳቹ ኅዳር ወይም ጥር ሂዱ፣ ክረምት ብቻ የሚመቻቹ ከሆነ ደግሞ እህታቹ ሚያዝያ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ማመልከቻውን አስጽፋ መዝገቡን ታስከፍት፣ የሐኪሙም ወረቀት እስከ ሰኔ ይለቅ፣ እናንተ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ደርሳቹ ዳኛ ፊት ለመቅረብ።